አንድ ገበሬ፣ ሁለት ሒሳብ፦ በጅማ የቡና ርክክብ ፕሮግራም ላይ የታየ የሃሽና የእኩልነት ችግር

መነሻ

ጅማ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ቡና ሰብሳቢ ድርጅት ከጎማ፣ ከማናና ከሊሙ ኮሳ ወረዳ ገበሬዎች እሸት ቡና ይረከባል። ቡናው በየመረከቢያ ጣቢያው ተመዝኖ በካርቦን ወረቀት ይመዘገባል፤ አንዱ ቅጂ ገበሬው ጋ ይቀራል፣ ሌላው ማታ ጅማ ቢሮ ይገባል። ቢሮው ውስጥ ሁለት መዝጋቢዎች በሁለት ኮምፒውተር ወረቀቶቹን ወደ ፕሮግራም ያስገባሉ። ክፍያው በሁለት ዙር ነው፦ አንዱ በርክክብ ጊዜ፣ ማሟያው ደግሞ የወቅቱ ዋጋ ሲታወቅ። ማሟያው በትክክል እንዲከፈል የአንድ ሰው ርክክቦች በሙሉ በአንድ ሒሳብ ሥር መሰብሰብ አለባቸው። ፕሮግራሙ የተጻፈውም ለዚህ ነበር።

ፕሮግራሙ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተሠራ ነው። ጠዋት ሲከፈት የሲኤስቪ ፋይሎችን አንብቦ ሁሉንም በአንድ ዲክሽነሪ (ቁልፍ ሲሰጠው በሥሩ የተቀመጠውን ዋጋ የሚመልስ ሰንጠረዥ) ውስጥ ያስቀምጣል። የዲክሽነሪው ቁልፍ «አቅራቢ» የሚባል ኦብጀክት ሲሆን አራት መስኮች አሉት፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ቀበሌ። በቁልፉ ሥር የርክክቦቹ ሊስት ይቀመጣል። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ገበሬ ባለ አምስት አሃዝ የአቅራቢ ቁጥርም ያትማል። ቁጥሩ የትም አይመዘገብም፤ የሙሉ ስሙ ሃሽ (ከስሙ በስሌት የሚወጣ ሙሉ ቁጥር) ለ100,000 ሲካፈል የሚተርፈው ነው፣ በተፈለገ ቁጥር እንደገና ይሰላል።

እዚህ ፕሮግራም ውስጥ አራት የተለያዩ የሚመስሉ ብልሽቶች ታዩ። ሲመረመሩ ሁሉም የመጡት ሃሽ ምን ዋስትና እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ ሳይለይ ሥራ ላይ በመዋሉ ነው፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሁለት መዝገቦች አንድ ሰው ናቸው» የሚባለው መቼ እንደሆነ ሳይወሰን ኮዱ በመጻፉ ነው። ከዚህ በታች በምሳሌነት የቀረቡት ስሞች የማንንም ገበሬ ማንነት አያመለክቱም።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ የከሸፈው ቁጥሩ ነው። ገበሬው ትናንት የታተመለትን ቁጥር ይዞ ሲመጣ ፕሮግራሙ «አልተገኘም» ይላል፤ አንዳንዴም የሌላ ሰው ሒሳብ ይከፍታል። መዝጋቢዎቹ ቁጥሩን ትተው በስም መፈለግ ጀመሩ።

በስም ሲፈለግ ሌላ ችግር መጣ። በጣቢያው ወረቀት ላይ «ሐሰን ዓሊ» ተብሎ የተጻፈው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት «ሀሰን አሊ» ተብሎ ይመጣል። ፕሮግራሙ አያገኘውም፤ መዝጋቢዋ አዲስ ሰው መስሏት ትመዘግበዋለች። በዚህ መንገድ አንዱ ገበሬ ሁለት፣ አንዳንዱም ሦስት ሒሳብ ያዘ።

ሦስተኛው የበለጠ ግራ የሚያጋባ ነበር። የአንድን ገበሬ ቀበሌ ወይም የአያት ስም ካስተካከሉ በኋላ ሰውየው ከፍለጋ ይሰወራል፣ ሁሉንም የሚዘረዝረው ገጽ ላይ ግን ይታያል። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ሲከፈት ተመልሶ ይገኛል። መዝጋቢዎቹ «ዘግተሽ ክፈቺው» እየተባባሉ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በዚህም ምክንያት ችግሩ ለብዙ ጊዜ ለፕሮግራመሩ አልተነገረውም። አራተኛው ቀላል ነው፦ የክፍያ ዝርዝሩ የስም ቅደም ተከተል በየጠዋቱ ስለሚለያይ የዛሬውን ከትናንቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር አልተቻለም።

የማሟያ ክፍያ ሲደርስ ለተከፋፈሉት ሒሳቦች አንደኛው ብቻ ተከፈለ። ገበሬው የሚያየው የዓመት ልፋቱ ከፊሉ ሳይከፈለው መቅረቱን ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ከጎማ ጅማ ድረስ የሚመላለሰውም እሱ ነው።

ሃሽ የሚጠይቀው

ዲክሽነሪ አንድን ቁልፍ በፍጥነት የሚያገኘው ሁሉንም አንድ በአንድ ባለማየቱ ነው። ከቁልፉ አንድ ሙሉ ቁጥር ያሰላል፤ ይህ ቁጥር ሃሽ ይባላል፤ ቁጥሩ በሰንጠረዡ ውስጥ የትኛው ቦታ መታየት እንዳለበት ይነግረዋል። በተለመደው ፓይተን ባዶ ያልሆነ ዲክሽነሪ በ8 ቦታ ይጀምራል፤ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ሰንጠረዡ ይሰፋል። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲገባ ሃሹ አብሮ ይጻፋል። ፍለጋ ሲመጣ ፕሮግራሙ በሃሹ ወደተመራበት ቦታ ይሄድና መጀመሪያ እዚያ ያለው ራሱ ያው ኦብጀክት መሆኑን ያያል፤ ካልሆነ የተጻፈውን ሃሽ ያመሳክራል፤ ሃሾቹ እኩል ከሆኑ ብቻ ሁለቱ ቁልፎች እኩል መሆናቸውን የሚወስነውን የእኩልነት ዘዴ ይጠራል። ሃሾቹ ከተለያዩ የእኩልነት ዘዴው ጭራሽ አይጠየቅም። የዚህ ጉዳይ ግማሹ ያለው በዚህች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቁልፍ የሚሆን ዓይነት የሚከተሉትን ማሟላት አለበት። እኩል የሆኑ ሁለት ኦብጀክቶች አንድ ዓይነት ሃሽ ሊኖራቸው ይገባል፤ የተገላቢጦሹ አያስፈልግም፣ የተለያዩ ነገሮች በአጋጣሚ አንድ ሃሽ ቢጋሩ ፍለጋው በጥቂቱ ይዘገያል እንጂ አይሳሳትም። ቁልፉ ሰንጠረዡ ውስጥ እስካለ ድረስ ሃሹም እኩልነቱም መለወጥ የለባቸውም። እኩልነቱም መተላለፍ አለበት፦ ሀ ከለ፣ ለ ከመ ጋር እኩል ከሆኑ ሀ ከመ ጋር እኩል መሆን ግዴታው ነው። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በዚህ ጉዳይም ዋጋ አስከፍሏል።

ምርመራው

ቁጥሩ በየቀኑ የሚለወጥበት ምክንያት ለማግኘት ቀላል ነበር። ፕሮግራሙን ሁለት ጊዜ ከፍቶ የአንድን ስም ሃሽ ማተም በቂ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጀምሮ የጽሑፍ ሃሽ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር በሚመረጥ የዘፈቀደ ዘር (የስሌቱ መነሻ ቁጥር) ይሰላል። ይህ የተደረገው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 በርሊን በተካሄደ የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ ላይ ሁለት ተመራማሪዎች ሃሻቸው አንድ ቦታ የሚያርፍ ብዙ ቁልፎችን አዘጋጅቶ ወደ ድረ ገጽ አገልጋይ በመላክ ማሽኑን ማጨናነቅ እንደሚቻል በብዙ ቋንቋዎች ላይ አሳይተው ነበር። ዘሩ አስቀድሞ ካልታወቀ እንዲህ ያሉ ቁልፎችን ማዘጋጀት ያስቸግራል። ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፦ በፓይተን የጽሑፍ ሃሽ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ትርጉሙ ያበቃል። ፋይል ላይ አይጻፍም፣ ወረቀት ላይም አይታተምም።

ሃሹ ባይለዋወጥ ኖሮም ቁጥሩ አይሠራም ነበር። 100,000 ቁጥሮች ብቻ ሲኖሩ 373 ያህል ሰዎች ሲመዘገቡ ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቁጥር የመጋራታቸው ዕድል ከግማሽ ያልፋል። በ1,000 ሰዎች 5 ያህል ጥንዶች ይጠበቃሉ። የሌላ ሰው ሒሳብ ይከፈት የነበረው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

የስሙ ብልሽት የተገኘው በአንዲት አጭር ሙከራ ነው። «ሐሰን ዓሊ» ተመዝግቦ «ሀሰን አሊ» ሲፈለግ ሊስት ውስጥ ይገኛል፣ ዲክሽነሪ ውስጥ አይገኝም። ሊስት የሚጠቀመው እኩልነትን ብቻ ሲሆን ዲክሽነሪ ግን ሃሽንም ይጠቀማል፤ ሁለቱ የተለያየ መልስ ከሰጡ እኩልነትና ሃሽ ተጣልተዋል ማለት ነው። ኮዱ ሲታይም እንዲሁ ሆነ። የእኩልነት ዘዴው ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ ያነጻጽራል። የሃሽ ዘዴው ግን የሚያሰላው ካልተስተካከለው፣ እንደተጻፈው ከተቀመጠው ስም ነው። ፓይተን እዚህ ላይ አንድ መከላከያ አለው፦ አንድ ክላስ (ኦብጀክቶች የሚሠሩበት ንድፍ) የራሱን የእኩልነት ዘዴ ጽፎ የሃሽ ዘዴ ካልጻፈ ቋንቋው የዚያን ክላስ ሃሽ ይሰርዘዋል፣ በቁልፍነት ሊጠቀሙበት ሲሞክሩም «ሃሽ ሊደረግ የማይችል ዓይነት» የሚል ስህተት ይሰጣል። ስህተቱ ለማስጠንቀቅ የወጣ ነበር፤ ዝም ለማሰኘት ሲባል ግን ያልታሰበበት የሃሽ ዘዴ ተጻፈለት።

የሚሰወረው ገበሬ ጉዳይ የሚለወጥ ቁልፍ ጉዳይ ነው። መጋዘን ውስጥ ጆንያዎች በላያቸው በተጻፈው ምልክት መሠረት በየረድፋቸው ተደርድረው ሳለ አንዱ ጆንያ ሳይነሳ ምልክቱ ብቻ ቢቀየር፣ በአዲሱ ምልክት የሚፈልገው ሠራተኛ ወደ ሌላ ረድፍ ይሄዳል፤ ጆንያው ግን የድሮ ቦታው ላይ ነው። የቀበሌው መስክ ሃሹ ውስጥ ስላለ ቀበሌው ሲስተካከል ሃሹ ተለወጠ፣ ቁልፉ ግን በአሮጌው ሃሽ ቦታ ቀረ። በአሮጌው ቀበሌ ሲፈለግም አይገኝም፤ ቦታው ይገኛል፣ ሃሹም ይገጥማል፣ እኩልነቱ ግን አሁን «አይደለም» ይላል። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው መዘርዘር ሃሽ ስለማይጠቀም ነው። ሰንጠረዡ ሲሰፋም አይድንም፤ ፓይተን በሚያሰፋበት ጊዜ ሃሹን እንደገና አያሰላም፣ ከቁልፉ ጋር የተጻፈውን አሮጌውን ይጠቀማል። ዘግቶ መክፈት የሚያድነው ሁሉም ከፋይሉ በአዲስ ሃሽ ስለሚገቡ ነው።

የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ምክንያትም ወዲያው ተገኘ። ስሞቹ ድግግሞሽ እንዳይኖር ተብሎ በስብስብ (አንድን ነገር ሁለት ጊዜ በማይዝ የፓይተን ዓይነት) ውስጥ ያልፉ ነበር። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ዲክሽነሪ የገቡበትን ቅደም ተከተል ይጠብቃል፤ ስብስብ ግን ይህን ዋስትና አይሰጥም፣ የጽሑፍ ስብስብ ከዘሩ ጋር ይገለባበጣል። ከመታተሙ በፊት መደርደር በቂ ሆነ።

ተሞክረው ያልሠሩ

የመጀመሪያው ሙከራ ዘሩን ማሰር ነበር። ፓይተን የሃሽ ዘሩን ከሲስተም ተለዋዋጭ ይቀበላል፤ 0 ከተሰጠው የዘፈቀደ ምርጫው ይቆማል። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ቁጥሮቹ ረጉ፣ በሁለተኛው ላይ ግን ሌላ ቁጥር ወጣ። አሮጌው ኮምፒውተር ዊንዶውስ 7 ስለሆነ ከፓይተን 3.8 በላይ አይጭንም፤ አዲሱ ላይ ያለው 3.11 ነው። በ3.11 የጽሑፍ ሃሹ ስልት ሲፕሃሽ 2-4 ከሚባለው ወደ ሲፕሃሽ 1-3 ተለውጧል፣ ስለዚህ ዘሩ አንድ ቢሆንም ውጤቱ አንድ አይሆንም። ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ፓይተንም እንዲሁ አይስማሙም። ዘር ማሰር ለፈተና ጠቃሚ ነው፤ ለመለያ ቁጥር መሠረት አይሆንም።

ቀጥሎ የሃሽ ዘዴው ለሁሉም ሰው 1 እንዲመልስ ተደረገ። በሕጉ መሠረት ይህ ስህተት የለበትም፦ እኩል የሆኑት አንድ ሃሽ አላቸው፣ ሃሹም አይለወጥም። ፍጥነቱ ግን ይጠፋል። እያንዳንዱ አዲስ ቁልፍ ከቀደሙት ሁሉ ጋር ይነጻጸራል፤ 4,000 ሰዎች ብናስገባ 7,998,000 ማነጻጸር፣ 10,000 ሰዎች ብናስገባ 49,995,000 ይሆናል። እያንዳንዱ ማነጻጸር ደግሞ ስሞቹን ፊደል በፊደል እያስተካከለ ስለሆነ ጠዋት ፕሮግራሙ እስኪከፈት መዝጋቢዎቹ ቁጭ ብለው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ያም ሆኖ ይህ ሙከራ ለምርመራው ጠቅሟል፤ በሃሽ 1 ስሞቹ ሲገኙ ጥፋቱ ከእኩልነት ዘዴው ሳይሆን ከሃሹ መሆኑ ተረጋገጠ።

ሦስተኛው ሙከራ ከሁሉም የባሰ ነበር። የጽሕፈት ስህተትንም ለመያዝ በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ስሞች እኩል እንዲባሉ ተደረገ። እንዲህ ከሆነ «ጀማል» ከ«ከማል» ጋር እኩል ነው፣ «ከማል» ከ«ከማሉ» ጋር እኩል ነው፣ «ጀማል»ና «ከማሉ» ግን በሁለት ፊደል ስለሚለያዩ እኩል አይደሉም። መተላለፍ የለም። እንዲህ ላለ እኩልነት ትርጉም ያለው ሃሽ መጻፍ አይቻልም፦ የጀማል ሃሽ ከከማል፣ የከማል ከከማሉ ጋር አንድ መሆን ስላለበት በአንድ ፊደል ልዩነት እየተያያዙ ሁሉም ስሞች ማለት ይቻላል ወደ አንድ ሃሽ ይወርዳሉ። በፊደላችን ደግሞ አንዱ ሆሄ ተነባቢንም አናባቢንም አንድ ላይ ይይዛል፤ ባለ ሦስት ሆሄ ስም ላይ አንድ ሆሄ መቀየር የስሙን ሲሶ መቀየር ነው። ጀማልና ከማል ሁለት ሰዎች ናቸው። ሒሳባቸውን ማደባለቅ የአንዱን ሒሳብ ከመከፋፈል የከፋ ጥፋት ነው፤ የተከፋፈለ ሒሳብ ይገጣጠማል፣ የተደባለቀ ግን በየወረቀቱ ካልሆነ አይለይም።

የሠራው

መፍትሔው የተጀመረው ሦስት ነገሮችን በመለያየት ነው፦ ሰውየው ማን ነው፣ ስሙ እንዴት ይፈለጋል፣ ማን ማንን ይመስላል። እስከዚያ ድረስ ሦስቱም በአንድ የእኩልነት ዘዴ ውስጥ ታጭቀው ነበር።

ለማንነት ከስሙ ጋር የማይገናኝ መለያ ቁጥር ተሰጠ። ቁጥሩን የሚያወጣው በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ያለ የኤስኪውላይት ዳታቤዝ ነው፤ አንዴ የወጣ ቁጥር አይለወጥም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም። በወረቀት ላይ ሲታተም መጨረሻው ላይ «ሉን» በሚባል ስልት የሚሰላ አንድ መፈተሻ አሃዝ ይጨመርበታል፤ ለምሳሌ 10247 ሲታተም 102475 ይሆናል። ይህ ስልት የአንድ አሃዝ ስህተትን ሁሉ፣ የጎረቤት አሃዞች መቀያየርንም ከ09 እና 90 በስተቀር ይይዛል። የስልቱ ባለቤት የአይቢኤሙ ሃንስ ፒተር ሉን እ.ኤ.አ. በ1953 የሃሽን ሐሳብ በመጀመሪያ ከጻፉት መካከል የሚቆጠር ሰው ነው።

ዲክሽነሪው ከዚያ በኋላ ቁልፉ መለያ ቁጥሩ ራሱ ሆነ፣ የሰውየው መዝገብ ደግሞ ዋጋው ሆነ። ኦብጀክቱን ቁልፍ አድርጎ እኩልነቱን በመለያ ቁጥር ብቻ መወሰንም ይቻል ነበር። ነገር ግን እዚያ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ እኩል የሆነ አዲስ ቁልፍ ሲመደብ ፓይተን ዋጋውን ይተካል፣ አሮጌውን የቁልፍ ኦብጀክት ግን ያስቀራል። ስሙ የታረመለት ገበሬ ከቁልፉ ላይ ሲታተም አሮጌ ስሙ ይወጣል። ሙሉ ቁጥር ቁልፍ ሲሆን ይህ ሁሉ የለም።

የመዝገቡ ክላስ «ፍሮዝን» (መስኮቹ የማይተኩ) ዳታክላስ፣ ማለትም ዘዴዎቹን ፓይተን ራሱ የሚያመነጭለት ክላስ፣ ተደረገ። ዳታክላስ እኩልነትን ብቻ ሲያመነጭ ሃሹ ይሰረዛል፤ ፍሮዝን ሲሆን ሁለቱም ከተመሳሳይ መስኮች አብረው ይመነጫሉ። ከመለያ ቁጥሩ ሌላ ያሉት መስኮች ከማነጻጸር ውጭ እንዲሆኑ ምልክት ተደረገባቸው፤ በዚያው ከሃሹም ይወጣሉ። ቀበሌ ሲታረም መስኩ አይነካም፣ አዲስ መዝገብ ተሠርቶ በዚያው ቁጥር ሥር ይተካል። ፍሮዝን የሚከለክለው መስኩን መተካትን ብቻ መሆኑ መታወስ አለበት። መስኩ ውስጥ ሊስት ካለ ሊስቱ ይለወጣል፣ ያ መስክ ሃሹ ውስጥ ካለም ሃሹ ሲጠየቅ ስህተት ይወጣል። ስለዚህ የስልክ ቁጥሮቹ ከሊስት ወደ ታፕል (የማይለወጥ ዝርዝር) ተዛወሩ።

ለፍለጋ አንድ ፈንክሽን ብቻ ተጻፈ፤ ስም ተቀብሎ የፍለጋ ቁልፍ ይመልሳል። ዝርዝሩ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ላይ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጠው መስፈርት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን እያንዳንዱ የፊደል ቤት በተከታታይ ተቀምጧል። ሐ ከሀ በ16፣ ኀ ከሀ በ128፣ ሰ ከሠ በ16፣ ዐ ከአ በ48፣ ፀ ከጸ በ8 ይርቃል። ስለዚህ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ሰባት ሆሄያት ልዩነቱን መደመር ወይም መቀነስ ይበቃል። ስምንተኛው ቦታ ላይ ግን ይህ አይሠራም፦ በሐ ቤት ስምንተኛው ሗ ሲሆን በሀ ቤት ሇ ነው፤ በጸ ቤት ጿ ሲሆን በፀ ቤት ፇ ነው። እነዚህ ድምፃቸው አንድ አይደለም፤ ሰንጠረዡ በእጅ መጻፍ አለበት። ሀ እና ሃ፣ አ እና ኣም ወደ አንድ ይመጣሉ። ሁለት ነጥቡ «፡» ወደ ክፍት ቦታ ይለወጣል፣ ተደራራቢ ክፍት ቦታ ይጠባል፣ «ገ/ማርያም» ዓይነቱ አጻጻፍ ይዘረዘራል። የዩኒኮድ መደበኛ ማስተካከያ ይህን እንደሚሠራ መገመት ስህተት ነው፤ ለእሱ ሀ እና ሐ ሁለት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው።

የፍለጋ ቁልፉ የሚመራው ወደ አንድ ሰው ሳይሆን ወደ መለያ ቁጥሮች ሊስት ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስም፣ በአባትና በአያት ስም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች መኖራቸው የተለመደ ነው። ሊስቱ ከአንድ በላይ ከሆነ መዝጋቢዋ የእናት ስምና ስልክ አይታ ትመርጣለች። ስም ሲታረም ቁጥሩ ከአሮጌው የፍለጋ ቁልፍ ሥር ወጥቶ በአዲሱ ሥር መግባት አለበት፤ ይህ ከተረሳ የሚሰወረው ገበሬ ችግር በሌላ በር ተመልሶ ይመጣል። በአንድ ሆሄ የሚለያዩ ስሞች በተለየ ገጽ ላይ «ይመሳሰላሉ» ተብለው ይቀርባሉ፤ ውሳኔው የሰው ነው።

የተከፋፈሉት ሒሳቦች የተገጣጠሙት እንዲህ ነው። ሁሉም መዝገቦች በፍለጋ ቁልፍ ተቧደኑ፤ ከአንድ በላይ መዝገብ ያለበት ቡድን ታተመ፤ ገበሬው እጅ ካለው የካርቦን ቅጂና ከስልክ ቁጥሩ ጋር ተመሳከረ፤ ሁለት ማስረጃ የተገኘለት ብቻ ተዋሃደ። የተተወው መለያ ቁጥር አልተሰረዘም፣ ወደ ቀረው ቁጥር እንዲመራ ተደረገ። ቀድሞ የታተሙት ባለ አምስት አሃዝ ቁጥሮች ግን በስሌት አልተመለሱም። ያወጣቸው ዘር ፕሮግራሙ ሲዘጋ ጠፍቷል፤ ከየወረቀቱ እየተነበቡ በእጅ ገቡ።

አሁንም ያልተፈታው የቁቤ ጉዳይ ነው። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ በቁቤ ስለሚጻፍ የብዙ ገበሬዎች ወረቀት ላይ ስማቸው በላቲን ፊደል አለ። ቁቤ የሚጠብቀውንም የሚረዝመውንም ድምፅ ይጽፋል፤ በተለመደው የሳባ ፊደል አጻጻፍ ማጥበቂያ ምልክት ስለማይጻፍ ሁለት የተለያዩ የቁቤ ስሞች በአማርኛ አንድ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የቁቤው ስም የራሱ መስክና የራሱ የፍለጋ ቁልፍ ተሰጠው፤ አንዱን ከሌላው የሚያሰላ ፈንክሽን አልተጻፈም።

ሌሎች ቋንቋዎች ቢሆኑ

ይህ ፕሮግራም በሌላ ቋንቋ ቢጻፍ የትኞቹ ብልሽቶች ይቀሩ እንደነበር ማየት የቋንቋ ንድፍ ምርጫን ያሳያል። «ጎ» በሚባለው ቋንቋ የማፕ (የዲክሽነሪ አቻ) ቁልፍ እኩልነት በቋንቋው የተወሰነ ነው፤ ፕሮግራመሩ የራሱን እኩልነትም ሃሽም ለቁልፍ መጻፍ አይችልም፣ የሊስት አቻ የሆነው ስላይስም ቁልፍ አይሆንም። የሐሰን ችግር በዚያ መልኩ ሊፈጠር አይችልም፤ የፍለጋ ቁልፍ የሚባለው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ግድ ይሆን ነበር። ጃቫ ተቃራኒው ነው፦ ማንኛውም ኦብጀክት ሃሽ አለው፣ የሚለወጠው አሬይሊስት እንኳ ከይዘቱ የሚሰላ ሃሽ ይዞ ያለ ማስጠንቀቂያ ቁልፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በጃቫ 16 የጸናው ሬከርድ እኩልነትንና ሃሽን አብሮ በማመንጨት ከመጣላት ያድናል፤ ውስጡ ሊስት ካለ ግን ከመለወጥ አያድንም።

ራስት ከሁሉም ጥብቅ ነው። ቁልፉ ሲገባ ባለቤትነቱ ወደ ማፑ ስለሚተላለፍ በተለመደው መንገድ ከውጭ ሊለወጥ አይችልም፤ የሚሰወረው ገበሬ ኮዱ ሲጠናቀር ይያዝ ነበር። የነጥብ ቁጥሮችም ለራሳቸው እንኳ እኩል ያልሆነ ዋጋ ስላላቸው ቁልፍ እንዳይሆኑ ይከለክላል። ፓይተን መሐል ላይ ነው፦ ሊስትን ይከለክላል፣ የፕሮግራመሩን ክላስ ግን ያምናል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ቢሮ የፓይተን ምርጫ ተገቢ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ የሚያስከፍለው ግን የሃሽ ዘዴ በእጅ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ራሱ እንዲጠብቅ ነው።

ለሌላ ሥራ የሚያገለግል

ሊስት ውስጥ የሚገኝ ነገር ዲክሽነሪ ውስጥ ካልተገኘ እኩልነትና ሃሽ ተጣልተዋል። ሲዘረዘር የሚታይ ነገር ሲፈለግ ካልተገኘ ቁልፉ ከገባ በኋላ ተለውጧል። ዘግቶ መክፈት የሚፈውሰው ስህተት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ሁለተኛው ነው፤ ተጠቃሚዎች ዘግተው እየከፈቱ እንደሆነ መጠየቅም የምርመራው አካል ነው።

ፋይሎች ከሁለት ኮምፒውተር መጥተው አንድ መሆናቸውን ለማመሳከር የቋንቋው ውስጣዊ ሃሽ አያገለግልም። ለዚህ ሻ-256 የሚባል የሃሽ ስልት አለ፤ በየትኛውም እትምና ማሽን ለአንድ ዓይነት ባይት አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣል። ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩቲኤፍ-8 መለወጥ አለበት፤ በዚያ ሥርዓት የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት ይይዛል።

ክብደት ቁልፍ አይሁን። ጀንፈል በፈረሱላ የሚቆጥር ሪፖርት ኪሎውን ለ17 ሲያካፍል አብዛኛውን ጊዜ የማያልቅ አስርዮሽ ይወጣል፣ እኩል መሆን የሚገባቸው ሁለት ዋጋዎችም በመጨረሻው አሃዝ ሊለያዩ ይችላሉ። ክብደቱ በግራም እንደ ሙሉ ቁጥር ይቀመጥ፣ ፈረሱላው ሲታተም ብቻ ይሰላ።

ለሃሽ የሚጻፈው ፈተና አጭር ነው። እኩል መሆን የሚገባቸው የስም ጥንዶች ይዘጋጁ፦ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሠይድ» እና «ሰይድ»፤ የፍለጋ ቁልፋቸው አንድ መሆኑ ይፈተሽ። እኩል መሆን የሌለባቸውም ይጨመሩ፣ «ጀማል» እና «ከማል» ዋነኞቹ ናቸው። ቀጥሎ አንድ መዝገብ ይግባ፣ እያንዳንዱ መስኩ ተራ በተራ ይታረም፣ ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ በቁጥርም በስምም ይፈለግ። በመጨረሻ ሙሉው ሪፖርት በዘር 1 እና በዘር 2 ሁለት ጊዜ ይታተምና ሁለቱ ፋይሎች ባይት በባይት ይመሳከሩ። አንዲት መስመር ብትለያይ ኮዱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የሃሽ ቅደም ተከተል ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። ፈተናው በአሮጌው ዊንዶውስ 7 ማሽንም ላይ ይሂድ፤ ገበሬው በክፍያ ቀን የትኛው ኮምፒውተር ፊት እንደሚቆም አይታወቅም።